የእግር መንገድ እንደ ታሪክ መዝገብ፤ በወርቃና በጌዴኦ ደኖችና ሸለቆዎች

የታሪክ መጻሕፍት ስለ መንገድ ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ነገሥታት ያሠሩትን፣ ጦር የዘመተበትንና መኪና የሚሽከረከርበትን ነው። ያለ መሐንዲስና ያለ በጀት በሰው ተረከዝ ብቻ የተሠራው፣ ከደጃፍ ተነሥቶ ወንዝ የሚወርደውና ከወንዙ ማዶ ወደ ገበያ የሚወጣው ቀጭን የእግር መንገድ ግን በታሪክ ጸሐፊው ብዕር ብዙም አልተዳሰሰም። ይህ የሆነው መንገዱ ታሪክ ስለሌለው አይደለም። የሄዱበት ሰዎች ታሪካቸውን በወረቀት ላይ ለማስፈር ዕድሉን ስላላገኙ ነው። እነርሱ የጻፉት በእግራቸው ነው። ጽሑፋቸውም እስከ ዛሬ በምድሩ ላይ ይነበባል።

ይህን ጽሑፍ ለመመልከት ከሚመቹት የአገራችን ክፍሎች አንዱ የጌዴኦ ምድር ነው። ወርቃ በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ስሟን ከብዙው የአገራችን ሰው ይልቅ የባሕር ማዶ ቡና ነጋዴ ያውቀዋል፤ በአካባቢዋ ከሚለቀመው ቡና ከፊሉ ስሟን በጆንያው ላይ ይዞ ዓለምን ይዞራልና። ከወርቃ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሸለቆዎቹ የሚወርድ ሰው በዛፍ ጥላ ሥር እየሄደ ከድንጋይ ሐውልት ዘመን እስከ ትናንቱ ስደት ያለውን ታሪክ ያቋርጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ጉዞ በቅደም ተከተል መከተል፣ በመጨረሻም ዛሬ በእነዚህ መንገዶች ላይ የተደቀነውን ጥያቄ ለአንባቢ ማቅረብ ነው።

፩. የምድሩ አቀማመጥና የመንገዱ ጠባይ

የጌዴኦ ምድር በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ጠባብና ገደላማ አገር ነው። በምዕራብ በኩል ወደ ዓባያ ሐይቅ ቆላ ያቆለቁላል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ እስከ ቡሌ ደጋ ከፍ ይላል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ከላይ እንሰትና ገብስ፣ ከመካከል እንሰትና ቡና፣ ከታች ቡናና ፍራፍሬ እንደ ደረጃ ተደራርበው ይገኛሉ። ደገኛው የቆላውን፣ ቆለኛውም የደጋውን ምርት ስለሚፈልግ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት መንገዶች ከሁሉ አስቀድሞ ከዚህ መፈላለግ የተወለዱ ናቸው ማለት ይቻላል።

በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በዞኑ 847,434 ሰዎች እንደሚኖሩ መዝግቦ ነበር። የዞኑ ስፋት ግን ወደ 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይኸውም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 700 ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብዛት በሌላ ስፍራ ቢሆን የተራቈተ ኮረብታና የተሸረሸረ መሬት በታየ ነበር። የጌዴኦ ኮረብታ ግን ከሩቅ ሲታይ ጫካ ይመስላል። ሰዉ የት ገባ ያሰኛል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ጫካው ጓሮ ሆኖ ይገኛል። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ቀረሮውና ሾላው ጥላ ይጥላሉ። ከሥራቸው እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል። ከእንሰቱ ጐን ቡናው፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመኑና ቅመማ ቅመሙ ይበቅላሉ። ቤቱም በዚሁ መካከል ጣሪያውን ብቻ ብቅ አድርጎ ተቀምጧል።

የአካባቢው ተወላጅ የሆኑት ምሁር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድ አገር በዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የጥናት ሥራ ይህን የአስተራረስ ስልት በሰፊው መርምረውታል። ለሥራቸው የሰጡት ርእስ ስለ አምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት የሚጠይቅ ነው። በርእሱ ላይ የጥያቄ ምልክት መኖሩን ልብ ይሏል። መልሱ የተመካው ባለፈው ዘመን ላይ ብቻ አይደለም። በዛሬው ትውልድ አያያዝም ላይ ነው።

እንግዲህ በዚህ ምድር የእግር መንገድ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን። በሌላ አገር በደን ውስጥ የሚሄድ ሰው ባለቤት በሌለው ዱር መካከል ያልፋል። በጌዴኦ ግን ተጓዡ ምንጊዜም በአንድ ገበሬ ጓሮ ዳር ነው። መንገዱ የሚኖረው ይህኛው ገበሬ ከእንሰቱ ተርታ፣ ያኛውም ከቡናው ድንበር አንድ ክንድ ያህል ለአላፊ አግዳሚው ስለሚተውለት ነው። የመንገዱ ጥበት የመሬቱን ውድነት ሲነግረን፣ አለመታጠሩ ደግሞ የጎረቤታሞቹን ስምምነት ይነግረናል። ስለዚህ የጌዴኦን የእግር መንገድ በቃል የጸና፣ በእግር የታተመ የሕዝብ ውል ብንለው ማጋነን አይሆንም።

፪. የሸንተረሩ መንገድ

ከሸለቆ ወጥቶ በሸንተረሩ አናት ላይ የሚሄደው መንገድ ከሁሉም የቈየ ነው። ይህንንም የሚመሰክሩት በየተራራው ጫፍ ተሰብስበው የቆሙት ትክል ድንጋዮች ናቸው። በወናጎ በኩል ቱቱ ፈላ፣ በይርጋ ጨፌ በኩል ጨልባ ቱቲቲ ከእነዚህ ሁሉ በይበልጥ የታወቁ ናቸው። በቱቱ ፈላ ሦስት መቶ ያህል ድንጋዮች ሲኖሩ፣ በጨልባ ቱቲቲ ያሉት ግን ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው።

እነዚህን ድንጋዮች ለውጭው ዓለም በጽሑፍ ካስተዋወቁት መካከል ፈረንሳዊው የካፑቺን መነኩሴ አባ አዛይስ ይገኛሉ። ከሮዤ ሻምባር ጋር ሆነው በደቡብ ኢትዮጵያ ያደረጉትን ጉዞ የሚተርከው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1931 በፓሪስ ታትሟል። ከእርሳቸው በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬ የደቡብን ሐውልቶች በየስፍራው ዘርዝረው መዘገቡ። ሮዤ ዡሶም ደግሞ ቱቱ ፈላን ቈፍረው መረመሩ። የቁፋሮው ውጤት እንዳሳየው ስፍራው የመቃብር ቦታ ነበር። ከድንጋዮቹም ገሚሶቹ በወንድ ብልት አምሳል የተጠረቡ፣ ገሚሶቹም የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ናቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አንዳንዶቹ የሰው መልክ ያላቸው ድንጋዮች አስቀድሞ ሌላ ቅርጽ የነበራቸውና በኋላ ትውልድ እንደገና የተቀረጹ መሆናቸው ነው። ያ የኋለኛው ትውልድ የቀደመውን ትውልድ ድንጋይ ሰባብሮ አልጣለም። የራሱን መልክ ጨምሮበት እንደገና አቆመው እንጂ። ለኪነ ጥበብ ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚገኝ አይመስለንም።

ስለ ዕድሜያቸው ለብዙ ጊዜ የነበረው ግምት ከአንድ ሺህ ዓመት ያህል የማይዘል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በአሸናፊ ዜናና በባልደረቦቹ የተደረገ ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ድንጋዮች መተከል የጀመሩት በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑን በመግለጥ ግምቱን በአንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። ይኸውም በሰሜን የአክሱም ነገሥታት በሚነሡበት ዘመን በደቡቡ ሸንተረር ላይም ድንጋይ ፈልጦ፣ ጠርቦ፣ ተሸክሞ የሚያቆም የተደራጀ ኅብረተሰብ ነበረ ማለት ነው። እነዚያ ድንጋዮች በክንፍ አልወጡም። ሰው ነው ያወጣቸው፤ ሰው ያወጣቸውም በመንገድ ነው።

የሸለቆውም መንገድ የራሱ የሆነ ጥንታዊ ምስክር አለው። ከዲላ ብዙም በማይርቅ ጠባብ የወንዝ ገደል ውስጥ፣ ሻቤ በሚባለው ስፍራ፣ በአለቱ ፊት ላይ የከብት መንጋ ተቀርጾ ይታያል። ላሞቹ ሻኛ የላቸውም። ቀንዳቸው ረጅም ነው፤ ግታቸውም ጐላ ብሎ ተሠርቷል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚነዱ ተከታትለው ቆመዋል። አንፍሬ ስለ እነዚህ ቅርጾች የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ነበር። ቀራጺው ማን እንደነበረ ስሙ አልተላለፈልንም። የመረጠው ቦታ ግን መንጋ ውኃ ፍለጋ የሚወርድበት የወንዝ ሸለቆ ነውና፣ ሥራውን ያኖረው ሰውና ከብት በሚያልፉበት ስፍራ መሆኑን መረዳት አያዳግትም።

፫. የማይቈረጡ ዛፎች

ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያልፈው መንገድ በየስፍራው በድንገት ሰፋ ብሎ ከአንድ ጥላ ሥር ይደርሳል። ይህ ሶንጎ ነው። ሶንጎ የመንደሩ ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ያጠፋ የሚወቀስበት አደባባይ ነው። መንገዶቹ ሁሉ ወደዚያ የሚያመሩት በአጋጣሚ አይደለም። በጌዴኦ ኅብረተሰብ ሥልጣን የሚተላለፈው በባሌ ሥርዓት ሲሆን፣ አባ ገዳው በየስምንት ዓመቱ ይለወጣል። ሰባቱ ጎሳዎችም በሁለት ታላላቅ ክፍሎች፣ አራቱ በአንድ ወገን ሦስቱም በሌላው ወገን ሆነው፣ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ሕጉ የተጻፈ አይደለም። ስለዚህ ሕጉን ለማወቅ በእግር ሄዶ መስማት ያስፈልግ ነበር።

ከሶንጎው ሌላ ደግሞ የተቀደሱ ደኖች አሉ። በእነዚህ ውስጥ የጥንቱ እምነት ሥርዓት ይፈጸምባቸዋል፤ ዛፋቸውም አይቈረጥም። ከዙሪያቸው ያለው መሬት ሁሉ ለእርሻ ሲውል እነርሱ ሳይነኩ በመቅረታቸው፣ የአገር በቀል ዛፍ ዘር መጠጊያና የምንጭ መጠበቂያ ሆነው ኖረዋል። እዚህ ላይ እምነትና የተፈጥሮ እንክብካቤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳልነበሩ እናያለን። ዛፉን ያዳነው መከበሩ ነው፤ ምንጩን ያዳነው ደግሞ ዛፉ ነው።

ይህ ሁኔታ ግን ሳይለወጥ አልቀረም። ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ብዙው የጌዴኦ ሕዝብ የፕሮቴስታንት ክርስትናን ተቀብሏል። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ወጣት የአያቶቹን ደን የጣዖት ስፍራ አድርጎ ማየት ጀመረ። ድንጋዩም በአንዳንድ ቦታ ተነቅሎ ለግንብ ሥራ ውሏል። ሰው እምነቱን የመለወጥ መብት እንዳለው የሚያከራክር አይደለም። ሆኖም አንድን ዛፍ ለማክበር የግድ ማምለክ አያስፈልግም። ይህን ልዩነት በግልጽ ማስረዳት የመምህሩም የሰባኪውም ኃላፊነት ይመስለናል።

፬. የሸክም መንገድ

በ1880ዎቹ ማብቂያ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጌዴኦን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲያጠቃልል የእግር መንገዱ ታሪክ ሌላ መልክ ያዘ። በአማርኛችን ከተማ የሚለው ቃል አስቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት እንደነበር የታወቀ ነው። በደቡብም ብዙዎቹ ከተሞች የተቈረቈሩት በዚሁ መልክ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ከጓሮ ወደ ሶንጎ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ይሄድ የነበረው መንገድ አሁን ወደ ሰፈሩ፣ ወደ መልከኛው ግቢ ታጠፈ። ሕዝቡም ከጎሳዎቹ በአንዱ ስም ደራሳ ተብሎ ተጠራ፤ አውራጃውም እስከ አብዮቱ ድረስ በዚያው ስም ሲጠራ ኖረ።

የገባር ሥርዓት የሚባለው ምን እንደነበረ ለማስረዳት መንገዱን መመልከት ይበቃል። ገባሩ ግብር ተሸክሞ ይወጣል። እንጨት ለቅሞ፣ አጥር አጥሮ፣ እህል አስፈጭቶ ይመለሳል። ባለ ሥልጣኑ በተዛወረ ቁጥር ጓዙን ተሸክሞ ይሄዳል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አባባል የዚያ ዘመን እውነተኛ ፍልስፍና ነበር። የሲዳሞ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ዘመን እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ አልፎ አልፎ እየተቋረጠ የቀጠለ ሲሆን፣ በዚሁ ጊዜ ውስጥ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ መግባቱ ቡናን ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ አመቺ ሁኔታ ፈጠረ። የጌዴኦም ቡና ከጓሮ ተክልነት ወደ ዓለም ገበያ ሸቀጥነት ተሸጋገረ። ቡናው በዋጋ ከፍ ባለ መጠን መሬቱ ተፈላጊ ሆነ፤ መሬቱ ተፈላጊ ሲሆን ቀላድ ተጣለበት፤ ቀላድ ሲጣልበትም ያለማው ሰው በገዛ ጓሮው ጭሰኛ ሆነ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የባለ መሬቱ ኃይል ተመልሶ ተጠናከረ። ከቡናው ምርት የሚጠየቀው ድርሻ የፈጠረው ምሬት እየተጠራቀመ ሄዶ በ1952 ዓ.ም. ገበሬው በግልጽ አመፀ። ሚጭሌ በተባለው ስፍራ በጦርና በገጀራ ጠመንጃ የያዘውን ኃይል ተጋፈጠ። አመፁ በደም ተደመሰሰ። በታሪካችን ውስጥ የባሌው፣ የጎጃሙና የራያው የገበሬ አመፅ በተደጋጋሚ ሲነሣ የጌዴኦው በአንድ መስመር ብቻ መታለፉ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው። ያ ገበሬ ከየሸለቆው ተጠራርቶ የተሰበሰበው በአስፋልት መንገድ አልነበረም። ግብር ሲሸከምባቸው በኖሩት በእነዚያው ቀጫጭን መንገዶች ነበር እንጂ። ለሸክም የተፈጠረ መንገድ ለእምቢታም ያገለግላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ አውራጃውም ጌዴኦ በሚለው የሕዝቡ የራሱ ስም ተጠራ። ከዚያ በኋላ የተከተለው ዘመን የራሱ የሆነ ብርቱ ችግር ነበረበት። ቢሆንም ገበሬው በጓሮው ዳር የሚያልፈውን መንገድ የራሴ ነው ብሎ የተራመደበት ያ ዕለት በታሪክ ሊዘነጋ አይገባውም።

፭. ቡናው ወደ ወንዝ ሲወርድ

በመንገዶቹ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ሌላው ምክንያት ከፖለቲካ የመጣ አይደለም፤ ከቡና አዘገጃጀት ነው። ቀድሞ ገበሬው ቡናውን በደጁ አድርቆ፣ ጀንፈሉን አጠራቅሞ፣ ገበያ በሚመቸው ቀን ይሸከም ነበር። ጀንፈል ይቈያልና አያጣድፍም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን በይርጋ ጨፌና በአካባቢው የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች መቋቋም ጀመሩ። እሸት ቡና በጠዋት ተለቅሞ በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ማጠቢያው ደግሞ ብዙ ውኃ ስለሚፈልግ የሚሠራው ከወንዝ ዳር ነው።

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር የአንድን አገር እግር አቅጣጫ ለወጠ። ቀድሞ ወደ ሸንተረሩ ገበያ ይወጣ የነበረው ሸክም በመከር ወራት ወደ ሸለቆው መውረድ ያዘ። ከሰዓት በኋላ እናት በጀርባዋ፣ ልጅ በራሱ፣ አባት በትከሻው እሸት ቡና ይዘው ቁልቁለቱን ሲጣደፉ ማየት የተለመደ ሆነ። አዳዲስ ጥርጊያዎች ተከፈቱ፤ በወንዞቹ ላይም የግንድ መሸጋገሪያዎች ተጋደሙ። ወርቃን የመሰሉ ስፍራዎች ስማቸው ዓለምን የዞረው በዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ደግሞ ገበሬው ቡናውን በራሱ ማኅበር በኩል ወደ ውጭ የሚልክበትን በር ከፈተ።

ነገሩ ግን ሁለት ገጽ አለው። ከማጠቢያው የሚወጣው ገለባና አተላ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ውኃው ይጠቊራል፤ ይሸታልም። ያው ወንዝ ከታች የሌላ መንደር መጠጥ ነው። በእንስራና በጀሪካን ውኃ ለመቅዳት በዚያው ቁልቁለት የሚወርዱት ሴቶችና ልጃገረዶች የቡናውን ዋጋ በሌላ መልክ ይከፍላሉ። ስለ ቡናው ጣዕም በሩቅ አገር ብዙ ሲባል፣ ስለ ወንዙ ጣዕም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

፮. የ2010 ዓ.ም. መንገድ

የመንገዱን ታሪክ በሐውልትና በቡና ብቻ ጨርሰን ብንዘጋው እውነቱን ሸፍነን መሄዳችን ነው። በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያና በሰኔ ወራት በጌዴኦና በጉጂ አጎራባች አካባቢዎች በተነሣው ግጭት ምክንያት ከሁለቱም ወገን ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከእነርሱ እጅግ የሚበዙት ጌዴኦዎች ነበሩ። ገደብ ወረዳ በጠረፉ ላይ በመሆኑ የስደተኛው ጎርፍ ዋና መድረሻ ሆነ። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያላለቀው ሕንፃ ሁሉ በሰው ተሞላ። ያ ሁሉ ሕዝብ የመጣው በአብዛኛው በእግሩ ነው። እሸት ቡና ይወርድባቸው የነበሩት መንገዶች በክረምት ጭቃ ሕፃን ያዘሉ እናቶችና ሽማግሌ የደገፉ ልጆች ተሰለፉባቸው።

ጌዴኦና ጉጂ ለረጅም ዘመን የኖሩት በጠላትነት አይደለም። አንዱ የእንሰትና የቡና፣ ሌላው የከብት ባለቤት በመሆኑ ይገበያያሉ፤ ይጋባሉ። የሁለቱ የገዳ ሥርዓት የተዛመደ ነው። ደም ሲፈስም ጎንዶሮ በተባለው የእርቅ ሥርዓት ደሙን ያደርቁ ነበር። ከግጭቱም በኋላ ሽማግሌዎች ወደዚሁ ሥርዓት ተመልሰዋል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ሽማግሌው በእግሩ ተሻግሮ ከወንዝ ማዶ ካለው ሽማግሌ ጋር በአንድ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ የሚደርቀው ደም፣ ከሩቅ በመጣ ትእዛዝ ብቻ አይደርቅም። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ያለው መንገድ መልሶ ሣር ሳይበቅልበት፣ ነጋዴና አማች እየተመላለሰበት እንዲኖር ማድረግ ከማናቸውም ሥራ የሚቀድም ነው።

፯. የጎብኚው መንገድና የእኛ ድርሻ

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያ በሪያድ ከተማ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከቲያ ትክል ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከኮንሶም እ.ኤ.አ. በ2011 መመዝገብ ቀጥሎ ይህ ለደቡቡ የአገራችን ክፍል ታላቅ ክብር ነው። የተመዘገቡት ሐውልቶቹ ብቻ አይደሉም፤ ጓሮው፣ የተቀደሰው ደንና ሕዝቡ የሚጠብቅበት ዕውቀት ጭምር ናቸው። በመሆኑም ከእንግዲህ ጎብኚ ይመጣል። ጎብኚ ሲመጣ የሚሄድበት መንገድ ይፈለጋል፤ መንገዱም ምልክት ይተከልለታል፤ ካርታም ይሣልለታል። እንግዲህ ጥያቄው የትኛው መንገድ፣ በማን ፈቃድ፣ ለማን ጥቅም የሚለው ነው።

ዓለም በዚህ ረገድ ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ የሚወስደው የተሳላሚዎች መንገድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ በጃፓን የኪ ተራሮች የተሳላሚ መንገዶች በ2004 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የእግር መንገድ ራሱ እንደ ቤተ መቅደስና እንደ ግንብ ሁሉ ቅርስ ሊሆን እንደሚችል ከእነዚህ እንማራለን። ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 24 ቀን 1932 በመቶ የሚቈጠሩ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ የማንችስተር ወጣቶች፣ ባለርስቶች ለወፍ አደን ዘግተውት ወደነበረው ወደ ኪንደር ስካውት አምባ በእግራቸው ወጡ። ከእነርሱም አምስቱ ታሰሩ። ድርጊታቸው ግን የሕዝቡን የመራመድ መብት የአገር ጥያቄ አደረገው፤ በ1949ም የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መግቢያ ሕግ ወጣ። በዚያ አገር ሠራተኛው የተዘጋበትን መንገድ ለማስከፈት ታገለ። በጌዴኦ ግን ገበሬው መንገዱን ከመጀመሪያው ሳይዘጋ አቈይቶታል። ታዲያ ይህን ክፍት መንገድ ለጎብኚ ስናሳይ ባለቤቱን እንግዳ እንዳናደርገው መጠንቀቅ ይገባናል።

አደጋው ከጎብኚው ብቻ አይመጣም። የመኪና መንገድ በተስፋፋ ቁጥር የእግሩ መንገድ ይረሳል። ባሕር ዛፍና ጫት ፈጣን ገንዘብ ስለሚያመጡ በአገር በቀሉ ዛፍና በእንሰቱ ቦታ እየገቡ ነው። ጓሮው ሲለወጥ የመንገዱ ጥላ፣ የመንገዱ አፈር፣ በመጨረሻም መንገዱ ራሱ ይጠፋል። ገበሬው ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ ገንዘብ ቢፈልግ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ጥላውን ጠብቆ ያቈየ ሰው ከጥላው ጥቅም የሚያገኝበትን መንገድ ማበጀት ግን የሁላችንም ግዴታ ነው። ለዓለም ቅርስ የሚከፈለው ዋጋ ከአንድ ድሃ ገበሬ ኪስ ብቻ እንዲወጣ መጠበቅ ከፍትሕ የራቀ ነው።

ከዚህ አኳያ ለዚህ መጽሔት አንባቢያን ሦስት ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። በአስተዳደርና በባህል ሥራ የተሰማሩ ሁሉ የጎብኚ መንገድ ከመተለማቸው በፊት ሶንጎው ዘንድ ተቀምጠው ይምከሩ፤ መንገዱ በጓሮው ዳር የሚያልፍበት ገበሬ ድምፅም ድርሻም ይኑረው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው በአቅራቢያቸው ያለውን የእግር መንገድ ይሂዱበት፤ እያንዳንዱ መሸጋገሪያ፣ እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ፣ እያንዳንዱ አቀበት ያለውን ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀው ይመዝግቡ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በዚህ ምድር ግን ስሙን ያወጣው ተጓዡ ነው፤ ተጓዡ ሲያልፍ ስሙም አብሮ ያልፋል። የኪነ ጥበብ ሰዎች ደግሞ ሐውልቱን ብቻ አይሣሉ። ግብር የተሸከመውን ገባር፣ በሚጭሌ የወደቀውን ገበሬ፣ እሸት ቡና ይዛ የምትጣደፈውን እናት፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ልጅ አዝላ የመጣችውንም ጭምር በሥራዎቻቸው ያስታውሱ።

ሐውልት ሰው ባይደርስበትም በቦታው ቆሞ ይኖራል። መጽሐፍም ተዘግቶ ሊቈይ ይችላል። የእግር መንገድ ግን የሚጠበቀው ሲኬድበት ብቻ ነው። ጥቂት ክረምት እግር ካልረገጠው ሣሩ ይውጠዋል፤ ያለፉበትም ሰዎች ታሪክ አብሮ ይዋጣል። ከወርቃ ቁልቁል የሚወርደው ቀጭን መንገድ ዛሬም አልተዘጋም። ልጆች በማለዳ ደብተር ይዘው፣ ሴቶች ገበያ ሲሉ፣ ሽማግሌዎች ወደ ሶንጎው ሲያቀኑ ይሄዱበታል። እኛም ከእነርሱ ኋላ ሆነን፣ መንገዱን ለባለቤቶቹ እየለቀቅን፣ በትሕትና ልንራመድበት ይገባናል።